ስለ አንድ ያለ ፈቃድ የታተመ ሸክላ አጭር ጥናት

ሙዚቃ የሚወድ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ሳያስበው የሚገጥመው ጥያቄ አለ። ይኸውም፤ አንድ ዘፋኝ በሕዝብ ፊት ቆሞ ያሰማው ድምፅ የማን ነው? የሚለው ነው። ከጕሮሮው ያወጣው የዘፋኙ ነውን? ወይስ ገንዘቡን ከፍሎ፤ ወንበር ይዞ ያዳመጠው ሰው እንደ ራሱ ንብረት ቆጥሮ ወደ ቤቱ ሊወስደው ይችላል? ስለዚህ ነገር በደፈናው ከመከራከር በአንድ እውነተኛ ምሳሌ ላይ ብንመረምረው ይሻላል ብዬ አሰብሁ። ስለዚህ በ1969 በአሜሪካ አገር ያለ ባለቤቶቹ ፈቃድ የታተመውን የሮሊንግ ስቶንስን ሸክላ መርጫለሁ። (ስለ አገራችን አዋጅ ከሚናገረው ቦታ በቀር፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄው ለእኔ የመጽሐፍ ጥያቄ ብቻ አለመሆኑን አስቀድሜ መናገር ይገባኛል። ምክንያቱን ግን መጨረሻው ላይ እገልጻለሁ።

1ኛ፤ ስለ ስሙ

ያለ ፈቃድ የወጣ ሸክላ በእንግሊዝኛ «ቡትሌግ» ይባላል፤ ትርጕሙም የቦት ጫማ ቅልጥም ማለት ነው። ሕግ የከለከለውን መጠጥ በጠርሙስ አድርጎ በረጅም ቦት ጫማው ውስጥ ሸሽጎ የሚሸጥ ሰው በዚህ ስም ይጠራ ነበር። ቃሉ ይበልጥ የገነነው አሜሪካ መጠጥን በሕግ በከለከለችበት ዘመን፤ ማለት ከ1920 እስከ 1933 ባለው ጊዜ ነው። በኋላ መጠጡ ሲፈቀድ ስሙ ሥራ ፈት አልሆነም፤ ወደ ሙዚቃ ተሻገረ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያደባልቃቸውን ሁለት ነገሮች መለየት ያስፈልጋል። አንድ ነጋዴ በገበያ ላይ ያለውን ሸክላ ወይም ካሴት ገልብጦ ቢሸጥ፤ ያ ተራ የቅጂ ስርቆት ነው፤ ገዢው ያንኑ ዕቃ ከኩባንያው ሊገዛ ይችል ነበርና። ቡትሌግ የሚባለው ግን ኩባንያው ጨርሶ ያላወጣው ሙዚቃ ነው። ወይ ከመድረክ በስውር የተቀዳ፤ ወይ ከስቱዲዮ ሾልኮ የወጣ ነው። ስለዚህ የቡትሌግ ነጋዴ ከኩባንያው ገበያ የሚቀማ ብቻ ሳይሆን፤ ኩባንያው ያላቀረበውንም የሚያቀርብ ሰው ነው። ክርክሩን የሚያከብደውም ይኸው ነው።

በሮክ ሙዚቃ ታሪክ በሰፊው የታወቀው የመጀመሪያው ቡትሌግ በ1969 በጋ በሎስ አንጀለስ የወጣው የቦብ ዲላን ሸክላ ነው። ልባሱ ምንም ያልተጻፈበት ነጭ ካርቶን ስለ ነበረ «ግሬት ኋይት ዎንደር» ተባለ። እኛ የምናጠናው ሸክላ የተከተለው ከጥቂት ወራት በኋላ ነው።

2ኛ፤ ሸክላው እንዴት እንደ ተሠራ

ሮሊንግ ስቶንስ በ1962 በለንደን የተቋቋመ ጓድ ነው። ስሙን የወሰደው የቺካጎው የብሉዝ ዘፋኝ መዲ ዋተርስ በ1950 ካወጣው ዘፈን ሲሆን፤ ሥራውም በመጀመሪያ የጥቁር አሜሪካውያንን ብሉዝ በእንግሊዝ አገር መጫወት ነበር። ዘፋኙ ሚክ ጃገር፤ ዋናው ጊታር መቺ ደግሞ ኪት ሪቻርድስ ነው። በ1969 መኸር ከሦስት ዓመት ዕረፍት በኋላ አሜሪካን ሊዞሩ ሲመጡ ጓዱ አዲስ ሰው ይዞ ነበር፤ ከመሥራቾቹ አንዱ ብራያን ጆንስ በሰኔ ወር ከጓዱ ወጥቶ (በሐምሌም ሞተ)፤ በቦታው ወጣቱ ሚክ ቴይለር ገብቶ ነበርና።

ኅዳር 9 ቀን 1969 በካሊፎርኒያ በኦክላንድ ከተማ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ተጫወቱ። በሁለተኛው ጊዜ ከተመልካቹ መካከል በእጅ የሚያዝ «ኡኸር» የሚባል የጀርመን መቅረጸ ድምፅና አንድ ረጅም ማይክሮፎን ይዞ የገባ ሰው ነበረ። ይህ ዐይነቱ ማይክሮፎን ቅርፁ እንደ ጠመንጃ አፈ ሙዝ ረጅም ሲሆን፤ በጎኑ ላይ ቀዳዳዎች አሉት። ከጎን የሚመጣው ድምፅ በየቀዳዳው በተለያየ ቅጽበት ስለሚገባ እርስ በርሱ ይጣፋል፤ ከፊት ለፊት የሚመጣው ግን ሳይጣፋ ይደርሳል። ስለዚህ ማይክሮፎኑ ወደ መድረክ የተደገነ እንደ ሆነ አጠገብ ያለው ሰው ጩኸትና ፉጨት ይቀንሳል፤ የመድረኩ ድምፅ ግን ይጐላል።

ከዚያ ወዲያ የሆነው ቀላል ነው። ቴፑ ወደ ሸክላ ማተሚያ ሄደ፤ ሸክላውም በነጭ ልባስ ላይ በማኅተም ስሙ ተረግጦበት በታኅሣሥ ወር ለሽያጭ ወጣ። ስሙ «ላይቨር ዛን ዩል ኤቨር ቢ» ሲሆን፤ እናንተ መቼም ከምትሆኑት የበለጠ ሕያው ነው እንደ ማለት ያለ ቀልድ ነው። ከመድረክ እስከ ሱቅ አንድ ወር ያህል ብቻ ፈጀ ማለት ነው።

በዚያች ሌሊት ከተሰሙት መዝሙሮች አንዳንዶቹ የጓዱ አዲስ ሸክላ ከሆነው ከ«ሌት ኢት ብሊድ» የተወሰዱ ነበሩ። ያ ሸክላ ግን በአሜሪካ ለሽያጭ የወጣው ኅዳር 28 ቀን ነው። እንግዲህ የኦክላንድ ሰዎች እነዚህን ዘፈኖች የሰሙት አንድም ሱቅ ሳይሸጣቸው ነው።

3ኛ፤ በሸክላው ላይ የሚሰማው ምንድን ነው?

ብሉዝ ማለት በአመዛኙ ዐሥራ ሁለት ምት ቤቶችና ሦስት ዋና ዋና የድምፅ ስምምነቶች ያሉት፤ አንዱን ስንኝ ደግሞ በሦስተኛው የሚመልስ የሙዚቃ ሥርዓት ነው። ሥርዓቱ አጭርና የታወቀ ስለ ሆነ አዲስ ነገር የሚፈለገው ከቅርጹ ሳይሆን ከአጨዋወቱ ነው። ዘፋኙ አንዷን ቃል ስንት ጊዜ አቈያት? የት ላይ ዘገየ? ጊታሩ ለድምፁ ምን ብሎ መለሰለት? በአገራችን አዝማሪ የታወቀውን ዜማ ይዞ በየቤቱ አዲስ ነገር እንደሚያመጣ ሁሉ፤ የብሉዝ ዘፋኝም የሚመዘነው በዚያች ሌሊት ባደረገው ነገር ነው።

ከዚህ የተነሣ ብሉዝንና ከብሉዝ የተወለደውን ሮክ በስቱዲዮ ሸክላ ብቻ የሚያጠና ሰው ግማሹን ብቻ ያጠናል። በስቱዲዮ እያንዳንዱ መሣሪያ ለየብቻ ይቀዳል፤ የተሳሳተው ይታረማል፤ የደከመው ይጐላል። በኦክላንዱ ሸክላ ላይ ግን ከመድረክ የወጣው ሁሉ አንድ ላይ፤ አዳራሹ እንዳስተጋባው ነው የሚሰማው። የቹክ ቤሪ ሥራ የሆኑት «ካሮል» እና «ሊትል ክዊኒ» ጓዱ ከየት እንደ መጣ ይመሰክራሉ። «ሚድናይት ራምብለር» የሚባለው ደግሞ መካከሉ ላይ እየዘገየ፤ ሊቆም ምንም ሳይቀረው እንደገና ይነሣል። ይህ ተመልካቹን እያዩ ካልሆነ በቀር የማይሠራ ነገር ነው።

«ሮሊንግ ስቶን» በሚባለው የአሜሪካ መጽሔት ላይ ሐያሲው ግሪል ማርከስ በ1970 መጀመሪያ ስለዚህ ሸክላ ሲጽፍ ከፍ ያለ ምስጋና ሰጥቶታል። አንድ የታወቀ ሐያሲ ያለ ፈቃድ የታተመን ሸክላ እንደ ማንኛውም የሥነ ጥበብ ሥራ ቈጥሮ መመርመሩ ራሱ አዲስ ነገር ነበር።

ኩባንያው በበኩሉ «ጌት የር ያ ያስ አውት» የተባለውን ሕጋዊ የመድረክ ሸክላ በመስከረም 1970 አወጣ። እርሱም የተቀዳው በዚያው ጕዞ በኅዳር መጨረሻ፤ አብዛኛው በኒው ዮርክ፤ ጥቂቱ በባልቲሞር ነው። ብዙ ጸሐፊዎች ሸክላው የወጣው ለቡትሌጉ መልስ እንዲሆን ነው ይላሉ። ምክንያቱ ይህ ቢሆንም ባይሆንም፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት መመልከት ይጠቅማል። በሕጋዊው ሸክላ ላይ አንዳንድ የዘፈን ክፍሎች በኋላ በስቱዲዮ እንደገና ተዘፍነዋል። የቡትሌጉ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ማድረግ ቢፈልግም አይችልም፤ ዘፋኙ በእጁ የለምና። ስለዚህ ነገሩ ግራ የሚያጋባ ሆነ፤ ፈቃድ ያለው ሸክላ የታረመ ሲሆን፤ ፈቃድ የሌለው ግን ያልታረመ ምስክር ነው።

4ኛ፤ ስለ ሕጉ

አሁን አንባቢ ሌባው ለምን አልታሰረም ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱ የሚያስደንቅ ነው። በ1969 የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ የደራሲውን ግጥምና ዜማ ይጠብቅ ነበር እንጂ የተቀዳውን ድምፅ አይጠብቅም ነበር። ሸክላ አታሚ ለደራሲው በአንድ ዘፈን ሁለት ሳንቲም መክፈል ነበረበት፤ ይህም ክፍያ በ1909 በወጣው ሕግ የተወሰነ ነው። የተቀዳ ድምፅ ራሱ በፌዴራል ሕግ መጠበቅ የጀመረው ከየካቲት 15 ቀን 1972 ወዲህ ለተቀዱት ነው። ዘፋኝ ሳይፈቅድ ከመድረክ ድምፁን መቅዳት በግልጽ በፌዴራል ሕግ የተከለከለው ደግሞ እጅግ ዘግይቶ በ1994 ነው። የግዛቶቹ ሕጎች ግን ከቦታ ቦታ ይለያዩ ነበር።

በሌላው ዓለም ነገሩ ቀደም ብሎ ታስቦበታል። በ1961 በሮም የተፈረመው ስምምነት የተጫዋቾችን መብት ዐውቋል። ቢሆንም አገሮች የጥበቃውን ዘመን በየበኩላቸው ስላሳጠሩና የውጭ አገር ዘፋኞችን ከራሳቸው ዜጎች ስለ ለዩ፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ በጀርመንና በጣሊያን ብዙ የቡትሌግ ሲዲዎች ታተሙ። የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ1993 በእንግሊዛዊው ዘፋኝ በፊል ኮሊንስ ጕዳይ እንዲህ ያለውን በዜግነት መለየት እንደ ከለከለ ይታወቃል።

በአገራችንም በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410 ደራሲውን ብቻ ሳይሆን ከዋኙንም ባለ መብት አድርጎታል። ስለዚህ ይህ ጥናት በሩቅ አገር ያለ ወሬ ብቻ አይደለም፤ ስልኩን አውጥቶ ወደ መድረክ የሚያነሣ ተማሪ ሁሉ በዚህ ጥያቄ ውስጥ ነው።

5ኛ፤ የአንድ ዘፈን ጕዞ

እስካሁን ሌባው ቀጂ፤ የተዘረፉት ስቶንሶች ይመስላሉ። ነገር ግን በዚያው ሸክላ ላይ ካሉት ዘፈኖች አንዱን ብንከተል ፍርዱ እንዲህ ቀላል አለመሆኑን እናያለን። ዘፈኑ «ላቭ ኢን ቬን» ይባላል።

ደራሲው የሚሲሲፒው ሮበርት ጆንሰን ነው። በ1936 በሳን አንቶኒዮ፤ በ1937 በዳላስ 29 ዘፈኖችን ቀድቶ በ1938 በሃያ ሰባት ዓመቱ ሞተ። ለብዙ ዘመን ከጥቂት የአሮጌ ሸክላ ሰብሳቢዎች በቀር የሚያውቀው አልነበረም። በ1961 የኮሎምቢያ ኩባንያ ዐሥራ ስድስት ዘፈኖቹን በአንድ ትልቅ ሸክላ አወጣ፤ የእንግሊዝ ወጣቶችም በእርሱ ተማሩ። «ላቭ ኢን ቬን» ግን በዚያ ሸክላ ውስጥ አልነበረም።

ታዲያ ስቶንሶች ከየት አገኙት? ኪት ሪቻርድስ ራሱ በኋላ እንደ ተናገረው፤ በ1967 ወይም በ1968 ገደማ ያለ ፈቃድ ከታተመ ሁለተኛ የጆንሰን ሸክላ ነው። ኮሎምቢያ ዘፈኑን የጨመረበትን ሁለተኛ ሸክላ ያወጣው በ1970 ነው። እንግዲህ ስቶንሶች ዘፈኑን ያገኙት ከቡትሌግ ነው፤ ዘፈኑም ከእነርሱ መድረክ ተመልሶ ወደ ቡትሌግ ገባ።

ከዚህም የባሰ አለ። «ሌት ኢት ብሊድ» ሲወጣ በዘፈኑ ሥር የተጻፈው የጆንሰን ስም ሳይሆን ዉዲ ፔይን የሚል ስም ነበር። በኋላ የጆንሰን ዘፈኖች መብት ጕዳይ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። አንደኛው ወገን፤ እነዚህ ዘፈኖች በ1930ዎቹ በሸክላ ሲሸጡ መብታቸው ስላልተመዘገበ የማንም ሆነዋል ብሎ ተከራከረ። በ2000 የአሜሪካ የይግባኝ ፍርድ ቤት ግን ይህን ክርክር አልተቀበለም፤ በዚያ ዘመን ሸክላ መሸጥ ድርሰቱን ማሳተም ተብሎ አይቈጠርምና ዘፈኑ ባለቤት አልባ አልሆነም አለ። ፍርዱ ሲሰጥ ጆንሰን ከሞተ ስድሳ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር።

እንግዲህ አመዛዝኑ። በኦክላንድ መቅረጸ ድምፅ ይዞ የገባውን ሰው ሌባ ካልን፤ የሞተውን ድኻ ዘፋኝ ስም በሌላ ስም ተክቶ የሸጠውን ትልቅ ንግድ ምን እንለዋለን? ይህን የምለው የመጀመሪያውን ነጻ ለማውጣት አይደለም። አንዱ ስርቆት ሌላውን አያጸድቅም። ነገር ግን ፈቃድና ፍትሕ ሁልጊዜ በአንድ ቤት እንደማይኖሩ ያሳያል።

6ኛ፤ ጥቅሙና ጕዳቱ

ቡትሌግን የሚደግፉ ሰዎች፤ ቀጂው ባይኖር ታሪክ ይጠፋ ነበር ይላሉ። እውነት አላቸው። ለምሳሌ ስቶንሶች በ1973 በብራስልስ የተጫወቱት ለዐሥርት ዓመታት በቡትሌግ ሲደመጥ ኖሮ፤ ጓዱ ራሱ በ2011 በሕጋዊ መንገድ አወጣው። ቦብ ዲላንም ከ1991 ጀምሮ «የቡትሌግ ተከታታይ» ብሎ የራሱን ያልወጡ ሥራዎች ማውጣት ጀመረ፤ ስሙን ከሌቦቹ ተበደረ ማለት ነው።

የሚቃወሙት ደግሞ ሦስት ነገር ይላሉ። መጀመሪያ፤ ገንዘቡ ለደከመው ሰው አይደርስም። ሁለተኛ፤ መረጃው አይታመንም። በ1966 ዲላን በማንቸስተር የተጫወተው ለብዙ ዓመት በለንደኑ የሮያል አልበርት አዳራሽ ስም ሲሸጥ ነበር፤ በ1998 በሕጋዊ መንገድ ሲወጣ ስሕተቱ ስለ ገነነ ሊተዉት አልቻሉምና የአልበርት አዳራሽን ስም በጥቅስ ምልክት ውስጥ አድርገው ጻፉት። ሦስተኛው ግን ከሁሉ ይከብዳል። ዘፋኝ ዛሬ አልተሳካልኝም፤ ይህ አይሰማብኝ የማለት መብቱን ያጣል።

በሁለቱ መካከል መንገድ የለም ማለት ግን አይደለም። ግሬትፉል ዴድ የተባለው የካሊፎርኒያ ጓድ አድማጮቹ እንዲቀዱ ይፈቅድ ነበር፤ ከ1984 ጀምሮም ለቀጂዎች የተለየ ቦታ አዘጋጀላቸው። ቀጂዎቹም ቴፑን ይለዋወጡ ነበር እንጂ አይሸጡትም ነበር። እዚህ ላይ ነገሩን የለወጠው መሣሪያው አይደለም፤ መጠየቅና መፈቀድ ነው።

7ኛ፤ የራሴ ጕዳይ

አሁን በመጀመሪያ የገባሁትን ቃል ልፈጽም። ባለፈው ዓመት በተማሪዎች የሙዚቃ ምሽት ላይ አንዲት የክፍል ጓደኛችን በክራር ሁለት ዘፈን ተጫወተች። ጉንፋን ይዟት ነበር። በመጀመሪያው ዘፈን ከፍ ያለውን ድምፅ ስታነሣ ድምፅዋ ተሰበረ፤ እንደ ምንም ጨረሰችው። በሁለተኛው ግን ክራሩን ዝቅ አድርጋ ቃኝታ፤ ዘፈኑን በሹክሹክታ ያህል ዘፈነችው። እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። እኔም ከሦስተኛው ረድፍ ሆኜ ሁሉንም በስልኬ ቀዳሁት፤ በዚያችው ሌሊትም ሳልጠይቃት ለጓደኞቼ ላክሁ። ያደረግሁት ከአድናቆት ነው።

በሳምንቱ ካፍቴሪያ ውስጥ የማላውቃቸው ልጆች የተሰበረውን ቦታ ደጋግመው እየከፈቱ ሲስቁ አገኘኋቸው። ሁለተኛውን ዘፈን ማንም አልከፈተውም። እርስዋም ሰማች። ስትጠይቀኝ አልዋሸሁም። «ብትጠይቀኝ እኮ ሁለተኛውን እሰጥህ ነበር» አለችኝ፤ ሌላ ነገር አልተናገረችም። ከእኔ ስልክ ደመሰስሁት፤ ነገር ግን ከሰው ስልክ ሁሉ ልደመስሰው አልችልም። የኦክላንዱ ሰው ቢያንስ ሸክላዎቹን ለመቍጠር ይችል ነበር፤ እኔ ግን የላክሁትን ቍጥሩን አላውቅም።

ከወር በኋላ መልእክት ላከችልኝ። ሁለተኛው ዘፈን ከአንድ ሰው ዘንድ ካለ ፈልጌ እንድልክላት ጠየቀችኝ፤ ያንን አወጣጥ እንደገና ልታደርገው ሞክራ አልመጣላትም ነበር። ፈልጌ አገኘሁና ላክሁላት። ስለዚህ ቀረጻው መኖሩ ጥሩ ነበር ወይስ መጥፎ? ተብዬ ብጠየቅ በአንድ ቃል መመለስ አልችልም። መቅዳቴ አንድ ነገር አድኗል፤ ሳልጠይቅ መላኬ ግን ሰው ጐድቷል።

መደምደሚያ

ከዚህ ጥናት የምናገኘው ትምህርት ይህ ይመስለኛል። ድምፅን ማስቀመጥና ድምፅን መበተን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የሚያስቀምጥ ሰው ለታሪክ ይጠቅማል፤ የሚበትን ሰው ግን የሌላውን ሰው ፊት ይዞ አደባባይ ይወጣል፤ ስለዚህ ባለቤቱን መጠየቅ ይገባዋል። ቡትሌግ ስናዳምጥም ሦስት ነገር እንጠይቅ፤ ማን ቀዳው? ከጥቅሙ ማን ተካፈለ? ዘፈኑስ በመጀመሪያ የማን ነበር? የሦስተኛው ጥያቄ መልስ አንዳንድ ጊዜ ስሙ ሳይጻፍ የቀረ ሰው ሊሆን ይችላል።

በሚመጣው የሙዚቃ ምሽት ስልካችሁን ከማንሣታችሁ በፊት ወደ መድረኩ ኋላ ሄዳችሁ ዘፋኙን አንዲት ቃል ብትጠይቁት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅባችሁም። እኔ ያን ግማሽ ደቂቃ ስላላወጣሁ ይህን ሁሉ ገጽ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።